አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ አሥራ አንድ ድምፅ፦ የፈረንሳይ ኮሜዲን ለታዳሚ የማንበብ አሠራር

ኮሜዲን ተቀምጦ፣ ወረቀት ይዞ፣ ለተጋባዥ ታዳሚ ማንበብ መድረክ ያጣ ሰው የሚጽናናበት ነገር አይደለም። ራሱን የቻለ፣ የቆየ ሙያ ነው። ተውኔት ጸሐፊው ሞሊየር «ታርቲዩፍ» የተባለው ኮሜዲው ከታገደበት ከ1664 ጀምሮ በሕዝብ ፊት እንዲታይ እስከተፈቀደበት እስከ 1669 ድረስ በፓሪስ በሰው ቤት እየተጋበዘ አንብቦታል። ሌላው ተውኔት ጸሐፊ ቦማርሼም «የፊጋሮ ጋብቻ»ን በ1784 መድረክ እስኪፈቀድለት ድረስ በየሳሎኑ ያነበው ነበር። ከሊዮን የመጣው ለ ቴክሲዬ ደግሞ በ1775 ለንደን ገብቶ ንባቡን መተዳደሪያው አደረገው። ለከበርቴዎቹ ታዳሚዎቹ ሙሉ ተውኔት ብቻውን ተቀምጦ ያነብ ነበር። የተናጋሪውን ስም አይጠራም፤ ማን እንደሚናገር ታዳሚው ከድምፁና ከፊቱ ያውቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ መመሪያ የለ ቴክሲዬን መንገድ ይከተላል፦ አንድ አንባቢ፣ ከ30 እስከ 60 ታዳሚ፣ ያለ ማይክሮፎን። ለምሳሌ የምንይዘው «ታርቲዩፍ»ን ነው፦ መንፈሳዊ መስሎ ኦርጎን የተባለ የቤት ጌታን የሚያታልል ሰው ታሪክ፤ ይህን ያነበበ ሰው ሌላውን ለማንበብ አይቸገርም።

ተውኔቱን መምረጥ

በ«ታርቲዩፍ» አትጀምሩ። መጀመሪያ ሁለት ተናጋሪ ብቻ ያለው ነገር አንብቡ። የአልፍሬድ ደ ሙሴ «በር ወይ ይከፈት ወይ ይዘጋ» ባለ አንድ ገቢር ነው፤ አንድ ኮንት፣ አንዲት ማርኪዝ፣ አንድ ሳሎን። ሰውየው ሊሄድ ተነሥቶ በሩን ይከፍታል፣ ብርድ ይገባል፣ ተመልሶ ይዘጋል። እንቅስቃሴው ሁሉ በንግግሩ ውስጥ ስለተነገረ ታዳሚው ምንም አይጎድልበትም። ቀጥሎ የማሪቮን «ፈተናው» ሞክሩ፤ እሱም አንድ ገቢር ነው።

የምትመርጡበት መለኪያ አንድ ነው፦ ሳቁ ከቃል ይመጣል ወይስ ከእጅና ከእግር? በሞሊየር «ስካፔን ተንኮሎች» አሽከሩ የጌታውን አባት ከረጢት ውስጥ አስገብቶ በዱላ የሚደበድብበት ትዕይንት መድረክ ላይ አዳራሹን ያፈርሳል፤ በንባብ ግን ከረጢቱም ዱላውም አይታይም፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ አንባቢ ብቻ ይቀራል። በ«ከበርቴው ባላባት» መስዬ ዡርደን ከፍልስፍና መምህሩ አናባቢ የሚማርበት ትዕይንት ተቃራኒው ነው። «አ» ሲባል አፍ ይከፈታል፣ «ኡ» ሲባል ከንፈር ይሾላል፤ ሳቁ ያለው አፍ ላይ ነውና የተቀመጠ አንባቢ ከተዋናዩ እኩል ያገኘዋል። የፌይዶ በርና ቁም ሣጥን የበዛባቸውን ኮሜዲዎች ግን ለመድረክ ተዉአቸው።

የመብት ጉዳይ አስቀድሞ ይታይ። ሞሊየር፣ ማሪቮ፣ ቦማርሼና ሙሴ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ነጻ ነው። ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቲዩፍ»ን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ይህን የመሰለ ትርጉም በአደባባይ ለማንበብ ከመብቱ ባለቤቶች ፈቃድ ይጠየቃል።

በየትኛው ቋንቋ?

ከታዳሚው ግማሽ ያህሉ ፈረንሳይኛ የማይከተል ከሆነ በአማርኛ አንብቡ። አንድ ንግግር በፈረንሳይኛ፣ ወዲያው ትርጉሙ እያሉ መሄድ ሳቅን ይገድላል፤ ግማሹ ሲስቅ ግማሹ ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ሲስቅ የመጀመሪያው አልፎታል። በፈረንሳይኛ ማንበብ ግድ ከሆነ ከየገቢሩ በፊት አንድ ደቂቃ የማይሞላ የአማርኛ መንደርደሪያ ስጡና ከዚያ በኋላ አታቋርጡ።

አማርኛ ለብቸኛ አንባቢ ትልቅ ስጦታ አለው። «ትሰሚያለሽ» እና «ትሰማለህ» ሲባል የተነገረው ለማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል። ፈረንሳዊ አንባቢ በዓይኑና በድምፁ የሚሠራውን ግማሽ ሥራ ቋንቋችን ይሠራልናል። ስለዚህ ከፈረንሳይኛው «ቱ» (የቅርበት) እና «ቩ» (የአክብሮት) ወደ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» ስትሻገሩ ተጠንቀቁ። የቤት ሠራተኛዋ ዶሪን ጌታዋን ኦርጎንን እርስዎ ትላለች፤ እሱ ሲናደድ አንቺ ይላታል። ባልና ሚስቱ ኦርጎንና ኤልሚር እርስ በርስ «ቩ» ነው የሚባባሉት፤ እዚህ ላይ በአማርኛ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ጽኑበት። መሐል ላይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ከተንሸራተታችሁ ታዳሚው አዲስ ሰው የገባ ይመስለዋል።

መቁረጥ

«ታርቲዩፍ» 1,962 ስንኝ አለው። በተረጋጋ ንባብ በደቂቃ 17 ወይም 18 ስንኝ ይነበባል፤ ሙሉው ወደ 110 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ይበዛል። ልኩ 70 ደቂቃ ነው፣ ወደ 1,200 ስንኝ። ደራሲው ይቆጣል ብላችሁ አትስጉ። ቦማርሼ «የሴቪል ፀጉር አስተካካይ»ን በፌብሩዋሪ 1775 በአምስት ገቢር አሳይቶ ወደቀበት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አራት ገቢር ቆርጦ ሲመልሰው ያው ታዳሚ አጨበጨበ።

መጀመሪያ የሚሄዱት ረጃጅም የምክር ንግግሮች ናቸው። የኤልሚር ወንድም ክሌአንት በአንደኛው ገቢር መጨረሻ ስለ እውነተኛና ሐሰተኛ መንፈሳዊነት የሚናገረው በግማሽ ይቆረጥ። በመጨረሻው ትዕይንት የንጉሡ መኮንን ንጉሡን የሚያወድስበት ወደ 40 ስንኝ ወደ 12 ይውረድ። በሁለተኛው ገቢር የኦርጎን ልጅ ማሪያንና የፍቅረኛዋ የቫሌር ኩርፊያ ከመቶ ስንኝ በላይ ነው፤ ሲነበብ ደስ ይላል፣ ግን ቢወጣ ታሪኩ አይጎድልም። እኛ እናወጣዋለን።

የፈረንሳይኛውን ግጥም ስትቆርጡ ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እንደሚመታ አስታውሱ። ከዚህም በላይ ጥንዶቹ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ጥንድ ድምፅ አልባ «ኧ» ባለው ቃል ካበቃ ቀጣዩ ያለዚያ ያበቃል። ስለዚህ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያላችሁ ቁረጡ። ሦስት ስንኝ ያወጣ ሰው አንድ ስንኝ ያለ ጓደኛው ያስቀራል፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጆሮም ወዲያው ይሰናከላል። ሞሊየር አንዳንዴ ጥንዱን ትዕይንት ላይ ይከፍለዋል፦ የመጀመሪያው ስንኝ በአንዱ ትዕይንት መጨረሻ፣ ሁለተኛው በቀጣዩ መጀመሪያ ይሆናል። ትዕይንት ሙሉ ስታወጡ ይህን መርምሩ።

ስንኙን ማንበብ

የፈረንሳይ ኮሜዲ የግጥም ምጣኔ 12 ቀለም ነው፤ ስድስት፣ ዕረፍት፣ ስድስት። የእኛ የወል ቤትም ስድስት በስድስት ስለሆነ የአማርኛ ግጥም ያደመጠ ጆሮ ምቱን በአንድ ቀን ይይዘዋል። ታርቲዩፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረውን ውሰዱ፤ ዶሪን እንደምትሰማው አይቶ ለአሽከሩ የሚጣራው ነው፦ «ሎራን፣ ሴሬ ማ ኤር፣ አቬክ ማ ዲሲፕሊን»። «ሎራን፣ ማቄንና የምገረፍበትን ጅራፍ አስቀምጥልኝ» እንደማለት ነው። ዕረፍቱ «ኤር» ላይ ይወድቃል፤ እስትንፋስ ግን አይወሰድበትም፣ ድምፁ ብቻ ለቅጽበት ይንጠለጠላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። በተራ ንግግር የሚዋጠው «ኧ» በስንኝ ውስጥ ከተነባቢ በፊት ይቆጠራል፤ ከዋጣችሁት ስንኙ 11 ይሆንና ያነክሳል። «ፓሲዮን» የመሰለው ቃል ደግሞ ሦስት ቀለም ነው፦ ፓ፣ ሲ፣ ዮን። ከእነዚህ የሚከፋው ግን ከእኛው ልማድ የሚመጣው ነው። ቤት መድፊያው ላይ ድምፅን መጣል ለአማርኛ ግጥም ንባብ ያምራል፤ ኮሜዲ ውስጥ ግን ዐረፍተ ነገሩ ከስንኝ ወደ ስንኝ ስለሚሻገር በየመስመሩ መጨረሻ የወደቀ ድምፅ ንግግሩን የሰንበት ትምህርት ቤት ግጥም ያስመስለዋል። ዐሳቡ እስኪያልቅ ድረስ ድምፁ ከፍ ብሎ ይቆይ።

ወረቀቱ

ጽሑፉን ራሳችሁ ታይፕ አድርጉት። የታተመ መጽሐፍ ፊደሉ ይደቅቃል፣ ገጹም በገዛ ፈቃዱ ይዘጋል። በ16 ነጥብ ፊደል፣ በአንድ ተኩል የመስመር ክፍተት፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ይታተም። ወረቀቱ 100 ግራም ይሁን፤ የተለመደው 80 ግራም ይንኮሻኮሻል። አትስፉት፣ በስቴፕለርም አትምቱት። ልቅ ሆኖ ይደርደርና ያነበባችሁትን ገጽ ወደ ግራ አንሸራቱት፤ መገልበጥ ድምፅ አለው፣ የታዳሚውንም ዓይን ይስባል። ቢወድቅ በግማሽ ደቂቃ እንድትሰበስቡት የገጽ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ይሁን።

የገጸ ባሕርዩ ስም ከንግግሩ ፊት መስመር ላይ አይጻፍ። ዓይን መስመር ላይ ያየውን አፍ ይናገረዋል፤ ሲደክማችሁ «ዶሪን» ብላችሁ ትጠራላችሁ። ስሙን አውጡና በግራ ኅዳግ ቀለም አስምሩ፤ ከአምስት ቀለም አይብለጥ፣ ለትናንሾቹ ሚናዎች የስም መነሻ ፊደል ይበቃል። ከየገጹ ግርጌ የቀጣዩን ገጽ የመጀመሪያ ሦስት ቃላት በእርሳስ ጻፉ። የአየር መውሰጃ ቦታዎችንም ምልክት አድርጉባቸው። ስለ ንባብ ጥበብ በ1877 የጻፈው ኤርኔስት ለጉቬ አንባቢን የሚመክረው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ አየሩ ሳያልቅ እንዲተነፍስ፣ ከቀጭንም ከወፍራምም ይልቅ በመካከለኛ ድምፁ እንዲሠራ ነው። መካከለኛው ድምፅ ቶሎ አይደክምም፤ ሌሎቹን ለልዩ ቦታ ያስቀርላችኋል።

ዓይን የት ይሂድ?

ታዳሚው ተናጋሪውን የሚለየው ከድምፅ በፊት ከአንገት ነው። ሁለት ሰው ሲነጋገር አንዱ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ሌላው ጥቂት ወደ ግራ ይመልከት፤ ከኋላው ረድፍ በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ነጥብ መርጣችሁ ያዙ። አንገት በጣም ከዞረ ግማሹ ታዳሚ ጉንጫችሁን ያያል፣ ድምፁም ወደ መጋረጃው ይሄዳል። ሦስተኛ ሰው ሲገባ መሐሉን ይውሰድ። ገጸ ባሕርይ ሆናችሁ የታዳሚ ዓይን ውስጥ አትግቡ፤ የታየው ሰው ይሸማቀቃል፣ ጎረቤቱም እሱን ማየት ይጀምራል። ፊት ለፊት ታዳሚውን የምታዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ተራኪ ስትሆኑና የጎን ንግግር (ሌላው ገጸ ባሕርይ እንደማይሰማው ተቆጥሮ ለታዳሚው የሚነገረውን) ስትናገሩ። የጎን ንግግር ፈጠን፣ ዝቅ ይበል፤ ካለቀ በኋላ ዓይን ወደ ቀድሞ ነጥቡ ይመለስና ነው ንግግሩ የሚቀጥለው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ምስጢሩ ለሌላኛው ገጸ ባሕርይ የተነገረ ይመስላል።

ድምፅ

ወንድ አንባቢ ለሴት ሚና ድምፁን ቢያቀጥን ታዳሚው የሚስቀው በአንባቢው ነው፤ የሞሊየር ቃል ሳይሰማ ያልፋል። ሴት አንባቢም ለኦርጎን ብታጎረንን እንዲሁ። የድምፅ ከፍታን ተዉትና ፍጥነትን፣ የአፍ አከፋፈትን፣ የትንፋሽን መጠንና ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ ለዋውጡ። ኦርጎን ሳያስብ ይመልሳል። ዶሪን ተነባቢዎቿ ጥርት ያሉ ናቸው፣ አፏ ፊት ለፊት ይሠራል። ኤልሚር አትቸኩልም። ታርቲዩፍ ትንፋሽ የበዛበት ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ክፉ ሰው አስመስላችሁ አታንብቡት፤ ኦርጎን ለምን እንዳመነው ታዳሚው መስማት አለበት።

የመጀመሪያው ትዕይንት ለብቸኛ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሰባት ሰው መድረክ ላይ አለ፤ ፍሊፖት የምትባለው ሠራተኛ አንድ ቃል አትናገርም። የኦርጎን እናት፣ አሮጊቷ ማዳም ፔርኔል ሁሉንም እያቋረጠች ትሳደባለች፤ ዶሪን «ግን ቢሆን…»፣ የኦርጎን ልጅ ዳሚስ «ነገር ግን…»፣ ማሪያን «እኔ እንደሚመስለኝ…» ብለው አይጨርሱም። ራስን ማቋረጥ የሚቻለው እንዲህ ነው፦ የሚቋረጠውን ቃል እንደማይቋረጥ አድርጋችሁ ሙሉ ዐሳብ ይዛችሁ ጀምሩ፤ አፋችሁ ግን የፔርኔልን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ ይጠብቅ። መቋረጡን አስቀድማችሁ ካወቃችሁበት ድምፁ ቀድሞ ይዳከማል፣ ታዳሚውም ያልተጻፈ ባዶ ቦታ ይሰማል። ይህን አንድ ገጽ ለብቻው ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱት።

አንድ ቦታ በቅርብ ሲታይ

የአንደኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት የንባብ ሁሉ መፈተኛ ነው። ኦርጎን ከሁለት ቀን ጉዞ ተመልሶ ስለ ቤቱ ይጠይቃል። ዶሪን እመቤቲቱ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟት እንደነበር ትነግረዋለች። «ታርቲዩፍስ?» ይላል። ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ ፊቱ ቀልቷል። «ምስኪን!» እመቤቲቱ እራት መቅመስ አቅቷታል፤ ታርቲዩፍስ? ሁለት ቆቅና ግማሽ የበግ ታፋ በልቷል። «ምስኪን!» እሷ ሌሊቱን አልተኛችም፤ እሱ ሞቆት ተኝቷል። እሷ ለሕክምና ተብሎ ደም እንዲፈስላት ተደርጓል፤ እሱ ቁርስ ላይ አራት ትልልቅ ብርጭቆ ወይን ጠጥቷል። አራት ጊዜ «ታርቲዩፍስ?»፣ አራት ጊዜ «ምስኪን!»።

ብዙ አንባቢ እየጨመረ፣ እየጮኸ ይሄድና ሦስተኛው ላይ መውጫ ያጣል። አራቱም «ታርቲዩፍስ?» እኩል ይሁኑ፤ ያው ፍጥነት፣ ያው ከፍታ፣ ከዶሪን የመጨረሻ ቃል ጋር ሳይለያዩ። ሰውየው የሚስቱን ሕመም እንዳልሰማ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሚለወጠው «ምስኪን!» ነው፣ እሱም በጩኸት ሳይሆን በርኅራኄ፤ አንደኛው ተራ ነው፣ ሁለተኛው ሞቅ ይላል፣ ሦስተኛው ትንፋሽ ይቀድመዋል፣ አራተኛው በሹክሹክታ እንባ የቀረበው ነው። ዶሪን ደግሞ ስለ ምግቡ ስትናገር የዕቃ ዝርዝር እንደምትቆጥር ሆና በደረቁ ትናገር። እሷ ከሳቀች ታዳሚው አይስቅም።

ሌላው አስቸጋሪ ቦታ በአራተኛው ገቢር ኦርጎን ጠረጴዛ ሥር የተደበቀበት ነው። መድረክ ላይ የጠረጴዛው ልብስ ይታያል፤ በንባብ ግን ዝም ያለ ሰው ይረሳል። ትዕይንቱ ከመጀመሩ በፊት በተራኪ ድምፅ አንድ ዐረፍተ ነገር በሉ፦ «ኦርጎን ጠረጴዛው ሥር ይገባል።» ከዚያ ኤልሚር በነገር ባሏን በነካች ቁጥር ዓይናችሁ ለቅጽበት ወደ ራሳችሁ ጠረጴዛ ጠርዝ ይውረድ። ባሏ እንዲወጣ የምትስለውን ሳል እውነተኛ ሳል አድርጉት፣ «ትስላለች» ብላችሁ አታንብቡ። ታርቲዩፍ ደንግጦ ለጉሮሮዋ የሚመጠጥ ጣፋጭ የሚያቀርብላት በዚህ ሳል ነውና ሳሉ ከሌለ መልሱ አይገባም።

ሌሎቹ የመድረክ መመሪያዎች ይውጡ። በመላው ንባብ ከአሥር አይብለጡ።

ክፍሉ

ወንበሩ መደገፊያ እንጂ የእጅ ማስቀመጫ አይኑረው፤ ክርን ከተደገፈ ትከሻ ይነሣል፣ ትንፋሽም ያጥራል። በጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ወደ 20 ሴንቲሜትር የሚያነሣ ተዳፋት ማስቀመጫ አድርጉ። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ከተኛ አገጭ ደረት ላይ ይወድቃል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ታዳሚው የሚያየው ፀጉራችሁን ይሆናል። መብራቱ ከሁለቱም ጎን ይምጣ፤ ከላይ ብቻ ከሆነ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። መነጽር ያለው ሰው ብልጭታውን ከፊተኛው ረድፍ ሰው አስቀምጦ ያስመርምር። ውኃው በረዶ የሌለው ይሁን፣ ብርጭቆውም ጨርቅ ላይ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ረድፍ ከጠረጴዛው ሁለት ሜትር ይራቅ። ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ ያለው ሳሎን ተነባቢዎችን ይውጣል፤ በዚህ ጊዜ መጮኽ አይረዳም፣ የቃላትን መጨረሻ ማጥራት ነው የሚረዳው። ባዶ ክፍል ውስጥ በደንብ የተሰማ ድምፅ ሰው ሲሞላ እንደሚቀንስ አስቡ። ቡናና ሻይ በዕረፍት እንጂ በንባብ ሰዓት አይቅረብ፤ የሲኒ ድምፅ ሁልጊዜ የሚመጣው ዝምታው በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

ምሽቱ

ስትቀመጡ ርእሱን፣ ደራሲውንና የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር አንብቡ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ሐረግ ስጡ፦ «ኦርጎን፣ የቤቱ ጌታ»፣ «ኤልሚር፣ ሁለተኛ ሚስቱ»። ስሙን ስታነቡ በዚያው ሰው ዓይን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ ታዳሚው ሳያውቀው ቦታውን ይመዘግባል። ከዚህ በኋላ ስም አይጠራም።

የተከበረ ታዳሚ መጀመሪያ ላይ አይስቅም፤ ጎረቤቱን ያያል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በዝምታ እንደምታልፉ አስቀድማችሁ እወቁ። ሳቅ ሲጠፋ መፍጠንና መጮኽ ይመጣል፣ ያም ታዳሚውን ይበልጥ ያስፈራዋል። ፍጥነታችሁን ጠብቁ። ሳቅ ሲመጣ ጫፉ ላይ እስኪደርስ ዝም በሉ፣ መውረድ ሲጀምር ቀጥሉ። ፈጽሞ እስኪያልቅ ከጠበቃችሁ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ከጫፉ በፊት ከተናገራችሁ ታዳሚው እንዳያመልጠው ሲል ሁለተኛ ጊዜ አይስቅም። እናንተ ግን አትሳቁ፣ በምትጠብቁበትም ጊዜ ዓይናችሁን ከገጸ ባሕርዩ ነጥብ አታንሡ።

ዕረፍቱን ከሦስተኛው ገቢር በኋላ አድርጉ፣ 15 ደቂቃ። ኦርጎን ልጁን አባሮ ሀብቱን ለታርቲዩፍ ሊያወርሰው የተነሣበት ቦታ ስለሆነ ታዳሚው በቡናው ላይ የሚነጋገርበት ያገኛል። ከዕረፍት መልስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስንኞች ዘገም አድርጉ፤ ጆሮ እስኪመለስ ድረስ የተነገረ ነገር ይጠፋል።

ቃል ከተሳሳታችሁ አትመለሱ። ገጸ ባሕርይ ካሳሳታችሁ ግን፣ የዶሪንን በኦርጎን ድምፅ ከጀመራችሁ፣ ዓይናችሁን ወደ ትክክለኛው ነጥብ መልሳችሁ ስንኙን ከመጀመሪያው አንብቡ። ይቅርታ አትጠይቁ።

የመጨረሻውን ስንኝ ካነበባችሁ በኋላ ወረቀቱን ወዲያው አትሰብስቡ፤ ሁለት እስትንፋስ ያህል ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ተነሡ። ቤት ስትገቡ፣ ሳትተኙ፣ እርሳስ ይዛችሁ በኅዳጉ ላይ ሳቅ የወጣበትን፣ ሳል የበዛበትንና ወንበር የተንቋቋበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሳልና ወንበር አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ለሚቀጥለው ምሽት ከዚያ ገጽ አራት ወይም ስምንት ስንኝ ይወጣል።